ወንበር በማዕረግ አይታደል፦ ለግዥና ለንብረት አስተዳደር ክፍሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፡- መንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ድርጅቶችና የጥሪ ማዕከላት የግዥ፣ የንብረት አስተዳደርና የጠቅላላ አገልግሎት ክፍሎች
ባሉበት

ጉዳዩ፡- ለረጅም ሰዓት ሥራ የሚገዛ ወንበር የቴክኒክ ዝርዝር አወጣጥን ይመለከታል

ጤና ይስጥልን።

የበጀት ዓመት በገባ ቁጥር ከየክፍሉ ተሰብስቦ በሚመጣላችሁ የፍላጎት መግለጫ ላይ የወንበር ነገር በሦስት መስመር ያልቃል። ማኔጀሪያል ቼር፣ ባለ ረጅም መደገፊያ፣ ጥቁር ሌዘር፣ ጥራት ያለው፣ ብዛት 12። ሴክሬታሪ ቼር፣ ባለ ጎማ፣ ብዛት 40። ገስት ቼር፣ ባለ ብረት እግር፣ ብዛት 60። ወረቀቱ እንዳለ ወደ ጨረታ ሰነዱ ይገለበጣል፤ አሸናፊው በዋጋ ይለያል፤ ዕቃው ሰኔ ላይ በጥድፊያ ይራገፋል፤ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ የሆነው ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፤ ነገሩ ተዘጋ።

በዚያ ወረቀት ላይ የወንበሩ ተቀማጭ ማዕረግ አለ፤ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥበት ግን የለም። በዚህ የተነሳ የቀኑን ግማሽ በስብሰባ የሚያሳልፈው ኃላፊ ትልቁን ወንበር ይወስዳል። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከምሳ በኋላ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ከኪቦርድ የማትነሳው ዳታ ኢንኮደር ደግሞ መደገፊያው ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሴክሬታሪ ቼር ይደርሳታል፤ ዕቃው ካነሰ ለእንግዳ የተገዛው ይሰጣታል። በሳምንት 39 ሰዓት የሚሠራ ሰው ፈቃዱና በዓላቱ ተቀንሰው እንኳ በዓመት ከ1,700 ሰዓት በላይ ይሠራል። አብዛኛውን ተቀምጦ የሚያሳልፍ ከሆነ ከአልጋው ቀጥሎ ሰውነቱ የሚያርፍበት ዕቃ ወንበሩ ነው። የምንጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው፤ ወንበር በመቀመጫ ሰዓትና በሰውነት ልክ ይገዛ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ሜትርና ጥንቃቄ የተሞላበት ዝርዝር ነው።

ወንበር ብቻውን ስለማይለካ ከጠረጴዛው እንጀምር። ገበያው ላይ ያለው የቢሮ ጠረጴዛ ቁመቱ በአብዛኛው 75 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከፍም ዝቅም አይልም። ቁመቷ 1 ሜትር ከ58 የሆነ ሠራተኛን ለምሳሌ እንውሰድ። ከወለል እስከ ቋንጃዋ፣ ከነጫማዋ፣ 41 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስትቀመጥ ከመቀመጫው እስከ ክርኗ ደግሞ 23 ገደማ። ሲደመር 64። ኪቦርዱ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ከክርኗ በ11 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ልዩነቱን የምትሸፍነው ትከሻዋን ሰቅላ ነው፤ ከምሳ በኋላ ማጅራቷን ጨምድዶ የሚይዛት ሕመም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሳል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ለሆነው ባልደረባዋ ተመሳሳዩ ድምር 73 ገደማ ይመጣል። ጠረጴዛው የተሠራው ለእሱ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው ወንበሩን ወደ 52 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ክርኗን ከጠረጴዛው ጋር ማስተካከል ነው። ያን ጊዜ ግን እግሯ ከወለል 11 ሳንቲ ሜትር ይንጠለጠላል፤ የመቀመጫው ጠርዝ ጭኗን ከሥር ይጫናል፤ እግሯ ይደነዝዛል፤ ማታ ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል። ስለዚህ የእግር ማሳረፊያ የግድ ነው። ይህን ዕቃ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ማንኛውም አናጢ ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሠራዋል፤ ወርዱ 45፣ ጥልቀቱ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ሠራተኛዋ ያለው ጠርዝ 9፣ የማዶው ጠርዝ 13 ሆኖ ላዩ ላይ የማያንሸራትት ጎማ ይለጠፍበታል። በወንበር ግዥ ውስጥ እንደ እግር ማሳረፊያ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ለውጥ የሚያመጣ ዕቃ አናውቅም፤ በጨረታ ሰነድ ላይ ግን አይገኝም።

ወደ ወንበሩ ስንመጣ የመጀመሪያው ቁጥር የመቀመጫው ከፍታ ነው። ዝቅተኛው ከ42 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ከፍተኛው ከ52 ያላነሰ ብላችሁ ጻፉ። የሚለካውም ሰው ተቀምጦበት ስፖንጁ ከተጨቆነ በኋላ ነው። ሻጩ በካታሎጉ ላይ የሚያሰፍረው ባዶ ወንበር ሲለካ የተገኘውን ስለሆነ ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ማኔጀሪያል ወንበሮች እስከ መጨረሻው ዝቅ ብለው እንኳ 46 እና 47 ላይ ይቆማሉ።

ሁለተኛው ቁጥር ጥልቀት ነው፤ ከመቀመጫው የፊት ጠርዝ እስከ መደገፊያው ያለው ርቀት። ሰው ጀርባውን አስደግፎ ሲቀመጥ በጠርዙና በቋንጃው መካከል ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረት አለበት። ትልቁ የኃላፊ ወንበር ጥልቀቱ 50 እና ከዚያ በላይ ነው። አጠር ያለ ሰው እዚያ ላይ እስከ መጨረሻ ገብቶ ከተቀመጠ ጠርዙ ባቱን ይወጋዋል፤ ስለዚህ ወደ ፊት ተስቦ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ መደገፊያው ቀኑን ሙሉ አየር ሲደግፍ ይውላል። የቱንም ያህል ብር ይውጣበት፣ ለዚያ ሰው ከበርጩማ አይሻልም። መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር የሚንሸራተት ቢሆን፣ ለምሳሌ ከ40 እስከ 45፣ ሁሉንም ያስተናግዳል። ዋጋው ካልፈቀደ ቋሚው 42 ወይም 43 ይሁን፤ የፊት ጠርዙም ወደ ታች ክብ ብሎ የታጠፈ። አንድ መጠን ለሁሉ እንደማይበቃ ወንበር ሠሪዎቹም ያውቃሉ፤ ሄርማን ሚለር እ.ኤ.አ. በ1994 ገበያ ላይ ያወጣው ኤሮን የተባለው ወንበር ገና ሲወጣ በሦስት መጠን የተሠራ ነበር።

መደገፊያው የወገብን ስርጉድ የሚሞላ ቅርጽ ይኑረው። ወደ ፊት ወጣ ብሎ ወገብን የሚነካው ቦታ ከተጨቆነው መቀመጫ ከ17 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢወድቅ ለአብዛኛው ሰው ይደርሳል፤ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ የሚል መሆኑም በዝርዝሩ ይግባ። ያሁኑ ወንበሮቻችሁ ይህን ያሟሉ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቢሮውን አንዴ ዞር ብላችሁ እዩ። ከመደገፊያው ፊት የተጠቀለለ ሻርፕ፣ የታጠፈ ሹራብ፣ ከቤት የመጣ ትራስ ያለበት ወንበር ሁሉ ሠራተኛው በገዛ ዕቃው የጠገነው ወንበር ነው።

«ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» የሚለው የትምህርት ቤት ምክር ግዥውንም አበላሽቷል፤ ብዙ ሰው መደገፊያው ዘጠና ዲግሪ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ወንበር ለጤና ጥሩ ይመስለዋል። የስዊድኑ የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሶን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሕያው ሰው የአከርካሪ ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ለክቷል። ድጋፍ ሳይኖር ወደ ፊት አጎንብሶ መቀመጥ ግፊቱን ከፍ እንደሚያደርገው፣ ወደ ኋላ ደገፍ ማለት ደግሞ እንደሚቀንሰው አሳይቷል። ከሱ በኋላ የመጡት ልኬቶች በመጠኑ ቢለያዩም በኋለኛው ላይ ይስማማሉ። ስለዚህ መደገፊያው ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ድረስ ሄዶ እዚያ ሆኖ መሥራት የሚያስችል መሆን አለበት።

ይህ የሚወሰነው ከመቀመጫው ሥር ባለው ሜካኒዝም ነው። ርካሹ ዓይነት መቀመጫውንና መደገፊያውን እንደ አንድ ቁራጭ ይዞ ያወዛውዛል፤ ሰውየው ደገፍ ሲል ጉልበቱ ይነሳል፣ እግሩ ከወለል ይለቃል፣ ጠረጴዛው ይርቀዋል። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ ቆልፎት የሚተወው። ሲንክሮ የሚባለው ሜካኒዝም መደገፊያው ሁለት ዲግሪ ሲሄድ መቀመጫውን አንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚያንቀሳቅስ እግር ወለል ላይ ይቀራል። ዝርዝሩ «ሲንክሮ ሜካኒዝም፣ ቢያንስ በሦስት ደረጃ የሚቆለፍ፣ የውጥረት ማስተካከያ ያለው» ይበል። የውጥረት ማስተካከያው ከሥር ያለው በእጅ የሚዞር ትልቅ እጀታ ነው። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴትና 95 ኪሎ የሚመዝን ወንድ አንድ ዓይነት የስፕሪንግ ጉልበት አይበጃቸውም፤ አንዷን ወደ ፊት ይገፋታል፣ ሌላውን ወደ ኋላ ይጥለዋል።

የክንድ ማሳረፊያ ከመቀመጫው በላይ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ የሚል ካልሆነ ባይኖር ይሻላል። ሴክሬታሪ ቼር ላይ የሚመጣው ክብ ቋሚ ፕላስቲክ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ሰውየውን ከሥራው ያርቀዋል። የጭንቅላት መደገፊያ ለሚጽፍ ሰው ብዙ ጥቅም የለውም። ሰሞኑን ቢሮ ውስጥ መታየት የጀመረው ባለ ቀይና ጥቁር የጌም ወንበር ደግሞ ጎንና ጎኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ጭንን ያጣብባል፤ ገንዘቡ ያለው በመልኩ ላይ ነው።

አሁን ብዙ ግዥ ወደሚሰናከልበት እንግባ። ስፖንጅ ላይ «ጥራት ያለው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ስፖንጅ የሚለካው በጥግግት ነው፤ በሜትር ኩብ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን። ለስምንት ሰዓት መቀመጫ ከ45 እስከ 60 ኪሎ ያለው፣ በቅርጽ ማውጫ የተጋገረ ስፖንጅ ያስፈልጋል። ርካሹ ወንበር ውስጥ ከትልቅ ብሎክ የተቆረጠ 20 ኪሎ ገደማ የሆነ ስፖንጅ ይገባል። አዲስ ሲሆን እንዲያውም እሱ ይበልጥ ይለሰልሳል፤ በመደብር ውስጥ ለሁለት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው የሚመርጠውም እሱን ነው። በወራት ውስጥ ግን መሐሉ ይሰረጉዳል፤ ሰውየው ከሥር ያለው እንጨት ላይ ይቀመጣል። ጥግግትና ጥንካሬ አንድ እንዳልሆኑም ልብ በሉ፤ ርካሽ ስፖንጅም በፋብሪካ ደረቅ ተደርጎ ሊሠራ ስለሚችል በእጅ ጨቁኖ ማመን አይበቃም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከናሙናው ላይ ጨርቁን አንሱ፤ ከስፖንጁ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 የሆነ ቁራጭ ቁረጡና በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ባለ 50 ኪሎው 30 ግራም ይመዝናል፤ ባለ 20ው 12 ግራም። ይህን ልዩነት የሚሸፍን የሻጭ ንግግር የለም። ቁራጩን ስትቆርጡ ከሥር ያለውንም ሰሌዳ እዩ። 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከሆነ ብሎን ይይዛል። ቺፕውድ ከሆነ ብሎን የገባበት ቀዳዳ ይፈረፈርና አንድ ቀን መቀመጫው ከነሰውየው ወደ ጎን ይላቀቃል።

ስለ ልባሱ፦ ሌዘር እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ፖሊዩሬታን ነው። ላብ፣ እርጥበትና ከመስኮት የሚገባ ፀሐይ ሥስ ሽፋኑን ይበላውና በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፋል፤ ልብስ ላይ የሚቀረው ጥቁር ቅንጣት እሱ ነው። በጨርቅ የተለበሰ መቀመጫ፣ በማርቲንዴል የፍትጊያ መፈተሻ 40,000 ዙር የቻለ፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፣ አያልብም። ለድሬዳዋ፣ ለጋምቤላ፣ ለሰመራ የመሰለ ሞቃት ከተማ መደገፊያው መረብ ይሁን። የአዲስ አበባ ነሐሴ ላይ መረብ ጀርባ እንደሚበርድም እናውቃለን፤ ይህ የክረምት ጉዳይ ነው፣ ሹራብ ይፈታዋል። መቀመጫው ራሱ መረብ የሆነ ርካሽ ወንበር ግን ቶሎ ስለሚላላ አትግዙ። እባካችሁ ደግሞ የመጣበትን ላስቲክ አንሱለት። «እንዳይቆሽሽ» ተብሎ ለዓመት ሳይገፈፍ የሚቀር ላስቲክ ያልባል፣ ያንሸራትታል፣ ሰውየው ወደ ፊት እየሾለከ ወገቡን ሲያጎብጥ ይውላል።

ወንበሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ጋዝ ሲሊንደር በውስጡ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን አለው። «ወንበሩ ብቻውን እየወረደ ነው» የሚል አቤቱታ ሲመጣ ጎማ ማሸጊያው አልቋል ማለት ነው። ሲሊንደሩ ክላስ 4 በሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ይሁን፣ ክላሱም በላዩ ላይ ታትሞ ይታይ፤ በወረቀት የተለጠፈ ምልክት አይበቃም። በመሥሪያ ቤቶች ጓሮና ኮሪደር ተከምረው መወገድን ከሚጠብቁት ወንበሮች ብዙዎቹ የጎደላቸው ይህ ዕቃ ብቻ ነው። የተለመደው ሲሊንደር ከላይ 28፣ ከታች 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሾጠጥ ባለ ቅርጽ ስለሚገባ ከአንዱ ሠሪ ወንበር ወደ ሌላው ይዛወራል። የሚይዘው ብሎን የለም፤ በሰው ክብደት ተጨቁኖ ይጣበቃል። ሲወጣ በጂራቱቦ (በቧንቧ መፍቻ) ይጠመዘዛል፣ ወይም ሜካኒዝሙ ጠርዝ ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እየተባለ ይመታል። የሚገናኙበትን ቦታ ግሪስ አትቀቡ፤ ያንሸራትተዋል። በምንም ምክንያት ደግሞ አይበሳ፣ አይበየድ፣ አይቆረጥ፤ የታመቀው ጋዝ ሰው ይጎዳል። አንዳንድ ጠጋኝ በፒስተኑ ዙሪያ የፕላስቲክ ቧንቧ ሰንጥቆ ያስገባል፤ ወንበሩ መውረዱን ያቆማል፣ ከፍታውም እዚያው ይቀራል። ሁልጊዜ አንድ ሰው ለሚቀመጥበት ወንበር ጊዜያዊ መላ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

እግሩ አምስት ቅርንጫፍ ያለው፣ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር ከ65 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ባለ አራቱ ሰው ደገፍ ሲል ይገለበጣል። ጎማ ላይ የሚሠራ ስህተት ግን በየቢሮው አለ። ከወንበሮቹ ጋር በአብዛኛው የሚመጣው ደረቅ ናይሎን ጎማ ለምንጣፍ የተሠራ ነው። የእኛ ቢሮ ወለል ሴራሚክ ወይም ሊሾ ነው፤ እዚያ ላይ ደረቁ ጎማ ያለልክ ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ወለሉን ይቧጥጣል። ሰውየው ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ በእግሩ ፍሬን ሲይዝ ይውላል። ለደረቅ ወለል ዙሪያው ለስላሳ ፖሊዩሬታን የሆነ ጎማ ይጠየቅ። በአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 12529 መሠረት ለስላሳው ጎማ ዙሪያው ከመሐሉ የተለየ ቀለም ስላለው በዓይን ይለያል። ዘንጉ በአብዛኛው 11 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ያሉትን ወንበሮች ጎማ ብቻ መቀየርም ይቻላል፤ ተስቦ ይወጣል፣ ተገፍቶ ይገባል።

ለሦስት ፈረቃ የሚሠራ የጥሪ ማዕከል ወይም መቆጣጠሪያ ክፍል ያላችሁ ሌላ ስሌት አላችሁ። ኢኤን 1335 የተባለው የቢሮ ወንበር ደረጃ የሚነሳው 110 ኪሎ ድረስ የሚመዝን ሰው በቀን 8 ሰዓት ይቀመጥበታል ከሚል ነው። 24 ሰዓት የሚሠራ ወንበር የሦስት ዓመቱን ልፋት በአንድ ዓመት ይለፋል፤ ለሃያ አራት ሰዓት የተፈተነ ካልገዛችሁ በቁጥር ሦስት እጥፍ መግዛታችሁ አይቀርም። ከፍ ያለ ካውንተር ያላችሁ ባንኮች ደግሞ ረጅም ሲሊንደርና ከወንበሩ ጋር የሚዞር የእግር ቀለበት ጠይቁ፤ የቀለበቱም ከፍታ የሚስተካከል ይሁን።

ሰነዱ ላይ የንግድ ስም መጥራት አያስፈልግም፣ አይገባምም። ኢኤን 1335ን ወይም የአሜሪካውን ቢፍማ ኤክስ 5.1 ወይም አቻውን ያሟላ የሚል አንድ መስመርና ከላይ ያሉት ቁጥሮች ይበቃሉ። የግዥ ሥርዓቱ የቴክኒክ መመዘኛውን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል ሲል፣ መመዘኛው ውስጥ ቁጥር ከሌለ ቀጭኑ ስፖንጅ በሕጋዊ መንገድ ያሸንፋል። ገምጋሚው ኮሚቴ ጥፋት የለበትም፤ የሚጥልበት መስመር አልተሰጠውም።

ናሙናውን ማን ይፈትነው? ልማዱ ኮሚቴው ከበው ቆመው፣ አንዱ ቁጭ ብሎ ሁለቴ ዞሮ «ይመቻል» ማለት ነው። ከዚያ ይልቅ ናሙናው በቀን ረጅም ሰዓት የሚቀመጡትን ይድረስ። ከነሱም በቁመት አጭሯ፣ ረጅሙና ከባዱ እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይዋሉበት። ማታ ሦስት ጥያቄ ይመልሱ፤ እግርህ ወለል ነክቷል ወይ፣ ጀርባህ መደገፊያውን ነክቶ ነው የዋለው ወይ፣ ምኑ ጋ ደነዘዘህ። ያለፈው ናሙና ታሽጎ ንብረት ክፍል ይቀመጥ። ዕቃው ሲመጣ ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት ከየ10 ወንበሩ አንዱ በዕጣ ይውጣና ተገልብጦ ከናሙናው ጋር ይነጻጸር፤ ሲሊንደሩ፣ ሰሌዳው፣ ጎማው፣ አስፈላጊ ከሆነም ስፖንጁ። ጥሩ ናሙና ቀርቦ ሌላ ዕቃ መራገፉ ያልተሰማ ነገር አይደለም።

መገጣጠሙንም ተቆጣጠሩ። ወንበሩ በካርቶን ተበትኖ ይመጣል፣ በጥድፊያ ይገጠማል፣ የተለመደው ስህተትም ሜካኒዝሙን ገልብጦ መግጠም ነው። ፊት መሆን ያለበት ወደ ኋላ ሲዞር ወንበሩ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ተቀማጩ «ይህ ወንበር ይጥለኛል» ይላል፤ ወንበሩ ሳይበላሽ ተበላሽቷል ተብሎ ይመለሳል። ሜካኒዝሙ ላይ የፊቱን የሚያመለክት ቀስት አለ። ብሎኖቹ ሁሉ መጀመሪያ ላላ ተደርገው ይግቡ፣ ከዚያ በየተራ ይጥበቁ። አንዱ እስከ መጨረሻ ከጠበቀ ሌላው ቀዳዳውን ስቶ ጥርሱ ይበላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁሉም አንድ ጊዜ እንደገና ይጠበቁ፤ ይህም በውሉ ውስጥ የአቅራቢው ግዴታ ይሁን። እንዲሁም ሲሊንደር፣ ጎማና የክንድ ማሳረፊያ ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል በመለዋወጫነት አብሮ ይቅረብ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ ሲሊንደር ቀይሮ አምስት ዓመት መጨመር ግን ዛሬም ያዋጣል።

ሠራተኛው የማያውቀው ማንሻ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። ወንበሩ ሲታደል ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ስጡ፤ መጀመሪያ ከፍታውን በክርኑ ያስተካክል፣ ቀጥሎ እግሩን፣ ከዚያ ጥልቀቱን፣ የወገቡን፣ በመጨረሻ ውጥረቱን። በዚህ ቅደም ተከተል ካልሆነ የኋላው የፊቱን ያፈርሳል። በላፕቶፕ የሚሠራ ካለ ወንበሩ ብቻ አያድነውም፤ ስክሪኑ ከዓይኑ ትይዩ እንዲሆን ማስቀመጫና የተለየ ኪቦርድ ያስፈልገዋል። ከሁሉ የተሻለው ወንበርም ቢሆን በየግማሽ ሰዓቱ መነሳትን አይተካም። እግሩ የሚዝል፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ያቃተው ሠራተኛ ካለ ደግሞ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ንብረት ክፍል አይላክ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምትተዳደሩ ድርጅቶች፣ አንቀጽ 92 የሠራተኛን ደኅንነትና ጤንነት የሚጠብቅ እርምጃ መውሰድን በአሠሪው ላይ እንደሚጥል ታውቃላችሁ። ከማሽን መከላከያና ከራስ ቁር ጋር ብቻ የተያያዘ ተደርጎ መነበቡ ልማድ ነው እንጂ ቢሮ ውስጥ የሚውለውን ሰው አይለይም።

ለመጪው ግዥ የምንጠይቀው በፍላጎት መጠየቂያ ቅጻችሁ ላይ የሥራ መደቡ ከተጻፈበት ዓምድ አጠገብ ሁለት ዓምድ እንድትጨምሩ ነው፤ «በቀን የመቀመጫ ሰዓት» እና «ከወለል እስከ ቋንጃ በሳንቲ ሜትር፣ ከነጫማ»። ሁለተኛውን ለመሙላት ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከ6 ሰዓት በላይ የሚቀመጡት በሙሉ፣ ማዕረጋቸው ምንም ይሁን፣ በላይኛው ዝርዝር ይገዛላቸው። ከ43 ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑት የእግር ማሳረፊያ አብሮ ይያዝላቸው። በጀቱ ለሁሉም ካልደረሰ ከማኔጀሪያል ቼር መስመር ላይ ይቀነስ።

ከሰላምታ ጋር
የቢሮ ወንበር በመገጣጠም፣ በመጠገንና የሥራ ቦታን በመገምገም ላይ ያለን ባለሙያዎች

ግልባጭ፡-
ለየመሥሪያ ቤቱ የጨረታ ገምጋሚ ኮሚቴ
ለሠራተኛ ማኅበራት
ለመዝገብ ቤት፣ ለዳታ ኢንኮደሮችና ለገንዘብ ተቀባዮች